ግራፊክስ ካርድ ከመግዛታችሁ በፊት ኬዙን ክፈቱት

ባሕር ዳር ውስጥ በየፎቶ ቤቱ፣ በየዲዛይን ቢሮውና በተማሪዎች ክፍል የማየው ዴስክቶፕ ይመሳሰላል። ያገለገለ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ወይም ኤችፒ ነው። የሕንፃ ዲዛይን ማሳያው ሉሚዮን ወይም የቪዲዮ ማቀናበሪያው ፕሪሚየር ሲከብደው ባለቤቱ ቶሎ ትዝ የሚለው ግራፊክስ ካርድ መግዛት ነው። አንዳንዴ ልክ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ማነቆው ሌላ ቦታ ነው፣ ብሩም በከንቱ ይወጣል።

መጀመሪያ ማነቆውን ፈልጉ። የሚያስቸግራችሁን ፕሮጀክት ክፈቱና ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭናችሁ ታስክ ማናጀርን አምጡ፣ ፐርፎርማንስ የሚለውን ንኩ። ዲስኩ 100 ፐርሰንት ላይ ተሰቅሎ ከቀረ የሚያስፈልጋችሁ ኤስኤስዲ፣ ማለትም ከሃርድ ዲስክ በጣም የሚፈጥን ማከማቻ ነው። በሃርድ ዲስክ ለሚነሳ ኮምፒውተር ካርድ መግዛትን በፍጹም አልመክርም። ራሙ ከሞላ ራም ጨምሩ። ፕሮሰሰሩ እየተጨነቀ ጂፒዩው (የግራፊክሱ ፕሮሰሰር) ዘና ካለ ካርድ አይጠቅማችሁም፤ የአውቶካድ የፕላን ሥዕል ለምሳሌ በአብዛኛው የፕሮሰሰር ሥራ ነው። ሉሚዮንና ሌላው የቪዲዮ ማቀናበሪያ ዳቪንቺ ሪዞልቭ ግን ካርድ ይፈልጋሉ። ሌላው ሁሉ ተርፎት ጂፒዩው ብቻ ጣሪያ ከነካ ወደሚቀጥለው እለፉ።

ከዚያ በፊት ግን አቧራውን አጽዱ። ሐይቁ ዳር ማታ መስኮት ከፍቶ የሚሠራ ሰው ትንኙም ከአቧራው ጋር ፋኑ ላይ ይጋገርበታል። የሞቀ ኮምፒውተር ራሱን ያዘገማል።

አሁን ዋናው ጉዳይ፣ ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላዩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ስለሆነ ረጋ ብላችሁ አንብቡት። ካርዱ የሚሰካበት የማዘርቦርድ ቀዳዳ ቢበዛ 75 ዋት ይሰጣል። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ካርድ በተጨማሪ ገመድ ነው የሚቀበለው፤ ባለ 6 ፒኑ 75 ዋት፣ ባለ 8 ፒኑ 150 ዋት ያቀርባል። አሁን ኬዙን ክፈቱና ፓወር ሰፕላዩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቡ። ኦፕቲፕሌክስ 7010 ታወሩ 275 ዋት፣ ቀጭኑ 240 ዋት ነው፣ የካርድ ገመድ የላቸውም። ፓወር ሰፕላዩን ልቀይር ካላችሁም ኦፕቲፕሌክስ 3020ና 9020 ላይ የማዘርቦርዱ መሰኪያ የዴል የራሱ ባለ 8 ፒን ስለሆነ የገበያው ፓወር ሰፕላይ ያለ አስማሚ አይገጥምም።

ሻጩ «በሞሌክስ እንቀጥለዋለን»፣ ማለትም ባለ 4 ፒኑን የድሮ ዲስክ ገመድ በመቀየሪያ ከካርዱ ጋር እናገናኛለን ካላችሁ አትቀበሉ። የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ወዳጄ ኮምፒውተር ኤክስፖርት ሲጀምር ብቻ ድርግም ብሎ ይጠፋ ነበር። ስንከፍተው ነጩ የሞሌክስ መሰኪያ ቡናማ ሆኗል፤ አንደኛው ፒን ጋ ፕላስቲኩ ቀልጦ ከሽቦው ጋር ተጣብቋል። ትንሽ ቆይቶ ቢሆን ኖሮ እሳት ነበር። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ደግሞ አሮጌ ፓወር ሰፕላይ ይበልጥ ይጎዳልና ስታቢላይዘር አይቅርባችሁ።

ስለዚህ ለእነዚህ ማሽኖች የሚሆነው 75 ዋት የማያልፍ፣ ተጨማሪ ገመድ የማይጠይቅ ካርድ ነው። ኬዙ ቀጭን ከሆነ አጭሩንና ዝቅ ያለውን ዓይነት ፈልጉ። የእኔ ምርጫ ጂቲኤክስ 1650 ነው፣ ግን አንዳንድ አምራቾች 6 ፒን ስለሚጨምሩበት በዓይናችሁ እዩት። ጂቲኤክስ 1050 ቲአይም ይሠራል፤ ሆኖም ኤንቪዲያ ለዚያ ትውልድ መደበኛ ድራይቨር (ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባ ሶፍትዌር) ማውጣት ያቆመው በፈረንጆቹ ኦክቶበር 2025 ነው። የኤኤምዲው አርኤክስ 6400 መብራት ይቆጥባል፣ ለቪዲዮ ሰው ግን አልመክረውም። ቪዲዮ ኤክስፖርት ሲደረግ የሚያሽግ (ኢንኮድ የሚያደርግ) ሃርድዌር የለውም፣ በቆዩ ማዘርቦርዶች ላይም ፍጥነቱ ይቀንሳል።

ያገለገለ ካርድ ስትገዙ ሳታስሞክሩ ብር አትክፈሉ። እንደ ጂቲኤስ 450 ያለ አሮጌ ካርድ ስሙ ተቀይሮ 1050 ቲአይ ተብሎ ይሸጣል። ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፣ ሐሰተኛውን ያሳውቃል። 1050 ቲአይ የተባለው ካርድ ቪጂኤ ቀዳዳ ካለው ተጠራጠሩ፤ ያ ትውልድ የቪጂኤ ሲግናል ከራሱ አያወጣም። የእናንተ ሞኒተር ቪጂኤ ብቻ ከሆነም የመቀየሪያውን ዋጋ አብራችሁ አስቡ።

ዋጋውንም ከሙሉ ማሽን ጋር አስተያዩት። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በኩል በይፋ የሚቀበለው ከ8ኛ ትውልድ ጀምሮ ነው። ካርዱ፣ ራሙና ኤስኤስዲው ተደምረው የ8ኛ ትውልድ ያገለገለ (ስላሽ) ዴስክቶፕ ዋጋ ግማሽ ከደረሱ እኔ ብሆን አሮጌውን ሸጬ እጨምርበታለሁ።

ከገዛችሁ መግጠሙ ቀላል ነው። ገመዱን ከሶኬት ንቀሉ፣ ካርዱን ቀጭ እስኪል ተጫኑት፣ ብሎኑን እሰሩ፣ ድራይቨሩን ጫኑ። የሞኒተሩን ገመድ ግን ካርዱ ላይ ሰኩት፤ ማዘርቦርዱ ላይ ከቀረ ሞኒተራችሁ የሚሠራው በድሮው ግራፊክስ ነው።