«አፕግሬድ የተደረገ» ዴስክቶፕ ላይ ዋጋ ከመቁረጥዎ በፊት

ራሙ (የሥራ ማህደረ ትውስታው) ወደ 16 ጊጋባይት ከፍ ተደርጎና ኤስኤስዲ (ፈጣን የመረጃ ማከማቻ) ተገጥሞለት የሚሸጥ ያገለገለ ዴስክቶፕ ሲቀርብልዎ፣ አስቀድመው ሊመለከቱ የሚገባው የተጨመረውን ዕቃ ሳይሆን ፕሮሰሰሩን (ስሌቱን የሚሠራውን ዋና ክፍል) ነው። ለምሳሌ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 3050 ከ7ኛው ትውልድ የኢንቴል ፕሮሰሰር ከኮር አይ5-7500 ጋር ለቢሮ ሥራ ዛሬም የሚበቃ ማሽን ነው፤ ሆኖም ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበላቸው የኢንቴል ፕሮሰሰሮች፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ከ8ኛው ትውልድ ጀምሮ ያሉት በመሆናቸውና የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ስላበቃ፣ ባለ 8 ጊጋባይቱ ኦፕቲፕሌክስ 3060 ከ8ኛው ትውልድ ኮር አይ5-8500 ጋር በእኔ እምነት የተሻለ ግዢ ነው። ራም በማንኛውም ጊዜ ሊጨመር ይችላል፤ የ3050 ማዘርቦርድ (ክፍሎቹ የሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ) ግን የ8ኛውን ትውልድ ፕሮሰሰር አይቀበልም።

ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ኮምፒውተሩን አስከፍተው ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን በአንድነት ይጫኑ። በሚከፈተው ታስክ ማናጀር፣ «ፐርፎርማንስ» በሚለው ክፍል፣ የፕሮሰሰሩ ስም፣ የራሙ መጠንና የተያዙት የራም ቦታዎች ብዛት ይታያሉ። ኤስኤስዲው አዲስ ነው ከተባለም ክሪስታልዲስክኢንፎ በተባለው ነጻ ፕሮግራም የሠራበትን ሰዓት ይመልከቱ፤ በሺዎች የሚቆጠር ሰዓት ካሳየ እንደ አዲስ ዕቃ ሊታሰብ አይገባውም።

ዋጋውንም ሲገምቱ ያልተሻሻለውን ተመሳሳይ ማሽን ዋጋ ይጠይቁና የራሙንና የኤስኤስዲውን የገበያ ዋጋ ይደምሩበት፤ ሻጩ የጠራው ከዚህ እጅግ ከበለጠ፣ ዕቃዎቹን ለየብቻ ገዝቶ ማስገጠሙ ያዋጣል።