የአርቲሲ ኦሲሌተር ቆሞ ድራይቨሩ ዝም ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

አርቲሲ መሣሪያው ሲጠፋም በባትሪ ሰዓት የሚቆጥረው ቺፕ ነው። ባትሪው መኖሩን፣ ቺፑም በአይቱሲ (ቺፖች በሚነጋገሩበት ባለ ሁለት ሽቦ መስመር) መልስ መስጠቱን አይታችኋል ብዬ ልነሳ።

ምልክት፦ መሣሪያው ሲነሳ ዘመኑ 2000 ነው ይላል። የባሰው ደግሞ አለ፤ ቀኑ ደህና ይመስላል፣ ግን ሁለት ቀን ወደ ኋላ ቀርቷል። ስህተት የሚል ነገር የትም የለም።

ምክንያት፦ እኔ ሁሌ የሚያጋጥመኝ የድራይቨር (ቺፑን ለሲስተሙ የሚያነብለት ፕሮግራም) ጥፋት ነው። ዲኤስ3231 የሚባለው የአርቲሲ ቺፕ ኦሲሌተሩ (የሰዓቱን ምት የሚሰጠው ክፍል) አንዴ ከቆመ የስታተስ ሬጅስተሩን (ቺፑ ሁኔታውን የሚይዝበትን ትንሽ ማኅደር) ቢት 7፣ ኦኤስኤፍን (ኦሲሌተሩ ቆሞ ነበር የሚለውን ምልክት)፣ 1 ያደርገዋል። «ይሄን ሰዓት እንዳታምኑት» ማለቱ ነው። አንዳንዱ ድራይቨር ግን ፕሮብ ላይ (ሲነሳ ቺፑን በሚያዘጋጅበት ፈንክሽን) ቢቱን ያያል፣ አንዲት ማስጠንቀቂያ ይጽፋል፣ ወዲያው ያጠፋዋል (0 ያደርገዋል)። አለቀ! ከዚያ ወዲያ የተበላሸው ሰዓት እንደ ደህና ይነበባል።

አንድ ጌትዌይ (ኔትወርኮችን የሚያገናኝ መሣሪያ) ሰርተፊኬት ሁሉ አልቀበልም ብሎ መጣልኝ። ሰዓትን ከኔትወርክ የሚያስተካክለው ኤንቲፒ ተዘግቶበታል፤ ሰዎቹም ኔትወርኩን ሲበረብሩ ከርመዋል። የድሮ የቡት ሎጎችን (መሣሪያው ሲነሳ የሚጽፋቸውን መዝገቦች) ሳገላብጥ «ኦሲሌተር ቆሟል» የምትል መስመር አገኘሁ። በቀጣዩ ቡት ላይ የለችም። መሣሪያው 2000 ላይ ተቀምጦ፣ ሰርተፊኬቶቹ ገና መጽናት አልጀመሩም እያለ ነበር።

መፍትሄ፦ ፕሮብ ውስጥ ቢቱን አትንኩት። ሰዓት አንባቢው ፈንክሽን መጀመሪያ ቢቱን ይይ፤ 1 ከሆነ የኢኢንቫል (ዋጋው ልክ አይደለም የሚል) ስህተት ይመልስ። ቢቱ የሚጠፋው ሰዓቱ ሲሞላ (ሲስተካከል) ብቻ ነው፣ ያውም አዲሱ ሰዓት ተጽፎ ካለቀ በኋላ። አስቀድማችሁ ብታጠፉትና መሃል ላይ ኃይል ቢቋረጥ የድሮው ውሸት ያለ ምልክት ይቀራል።

ሬጅስተሩን በጅምላ ዜሮ አታድርጉት! የአላርም ቢቶችና የ32 ኪሎኸርዝ ማብሪያው እዚያው ናቸው። አንብቡ፣ ቢት 7ን ብቻ አጥፉ፣ መልሳችሁ ጻፉ።

ከዚህ በኋላ «ድራይቨሩን አበላሸኸው፣ ኤችደብሊውክሎክ (የአርቲሲን ሰዓት የሚያነበው ትእዛዝ) ስህተት ይላል» የሚል ይመጣል። አልተበላሸም፤ ሰዓቱን አንዴ ሙሉት። ኃይል በጠፋ ቁጥር ቢቱ ከተመለሰ የባትሪውን መያዣ ፈትሹ፤ ርካሾቹ ቶሎ ይላላሉ። የኮንትሮል ሬጅስተሩን ቢት 7ም እዩ፤ 1 ከሆነ ኦሲሌተሩ በባትሪ ላይ አይሠራም።

ሌላው የአርቲሲ ቺፕ ዲኤስ1307 ኦኤስኤፍ የለውም፤ የሰከንድ ሬጅስተሩን ቢት 7 እዩ፤ 1 ከሆነ ሰዓቱ ቆሟል።

ክሪስታሉ (ኦሲሌተሩ የሚንቀጠቀጥበት ክፍል) ከቺፑ ውጭ ከሆነ የብየዳውን ፍላክስ (ከብየዳ የሚቀረውን ሙጫ) አጽዱ። የክሪስታሉን ፒኮፋራድ (ለዲኤስ1307 12.5 ነው) ከቺፑ ዳታሺት ጋር አመሳክሩ። የኦሲሎስኮፕ መለኪያ ጫፍ (እሱም ፕሮብ ይባላል) የክሪስታሉ እግር ላይ አትሰኩ፤ የሚሠራውንም ሊያቆመው ይችላል።