ባዶው ቦታ ይቅደም፦ ኔጋቲቭ ስፔስን በተከታታይ ፎቶ ላይ እንዴት እንጠቀምበት

አንድ ነገር በተደጋጋሚ አያለሁ። ሰው ቆንጆ ቆንጆ ፎቶ ያነሳል፣ ሰፊ ሰማይ ስር አንዲት ትንሽዬ ሰው፣ ነጭ ግድግዳ ጥግ የቆመ ብስክሌት፣ ጭጋግ ውስጥ አንድ ዛፍ፣ እያንዳንዱን ለብቻው ስታዩት እንከን አይወጣለትም፣ አስሩን ጎን ለጎን ስትደረድሩት ግን አልያያዝ ይላል፣ ከአስር የተለያየ ሰው የተለቀመ ነው የሚመስለው። ብዙ ጊዜ ችግሩ ሰብጀክቱ፣ ማለትም የምናነሳው ሰው ወይ ነገር፣ አይደለም፣ ባዶው ቦታ ነው። አንዱ ላይ ባዶው ነጭ ነው ሌላው ላይ ጥቁር፣ አንዱ ላይ ከላይ ነው ሌላው ላይ ከጎን፣ አንዱ ያሳርፋል ሌላው ያፍናል። ለተከታታይ ፎቶ እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፣ መጀመሪያ ባዶውን ምረጡ፣ ሰብጀክቱ ከዛ በኋላ ይምጣ።

ኔጋቲቭ ስፔስ ማለት ፍሬሙ ውስጥ ሰብጀክቱ ያልያዘው ቦታ ነው፣ በቃ። ባዶ ስለተባለ ግን ምንም የለውም ማለት አይደለም፣ የራሱ ቅርፅ አለው። ያቺን የታወቀች ስዕል ታስታውሷት ይሆናል፣ አንዴ ስታይዋት የአበባ ማስቀመጫ፣ አንዴ ደሞ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ሰዎች የምትመስለዋን፣ ኤድጋር ሩቢን የሚባል የዴንማርክ ሳይኮሎጂስት ነው እ.ኤ.አ. በ1915 ያሳተማት። ስዕሏ የምታሳየን አይናችን ቅርፁንና ጀርባውን እኩል አንድ ላይ መያዝ እንደማይችል ነው፣ አንዱን ሲይዝ ሌላው ወደ ኋላ ይሄድበታል። ካሜራ ስንይዝም የሚያስቸግረን ይሄው ነው፣ አይናችን ሰውየውን ይይዝና በዙሪያው ያለውን አያየውም፣ በክንዱና በወገቡ መሃል ያለችው ክፍተት ተዘግታ ሰውየው አንድ ጥቁር ድፍን ነገር ሆኖ መውጣቱ የሚታየን ኮምፒውተር ላይ ስንከፍተው ነው። ለዚህ መለማመጃ አለው። አይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ ዝርዝሩ ጠፍቶ ደማቁና ጨለማው ብቻ እስኪቀር እዩት፣ ከዛ የሰውየውን ጠርዝ ትታችሁ በሰውየውና በፍሬሙ ጠርዝ መሃል ያለውን ቅርፅ በአይናችሁ ዙሩት። ሰብጀክታችሁ አንድ እርምጃ ወደ ግራ ሲል ያ ቅርፅ እንዴት እንደሚቀየር አንዴ ካያችሁ በኋላ ሁሌም ይታያችኋል።

እሺ፣ ባዶው ከየት ይመጣል? ሰማይ፣ ግድግዳ፣ ውሃ፣ ጭጋግ፣ አሸዋ፣ ጥቅጥቅ ያለ ጥላ፣ ወይ ደሞ በሰፊ አፐርቸር (ብርሃን የሚያስገባው የሌንሱ ቀዳዳ፣ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)፣ 1.8 ወይ 2 ላይ፣ ብዥ ያለ ባክግራውንድ። ለአንድ ተከታታይ ከነዚህ አንዱን፣ ቢበዛ ሁለቱን ብቻ ያዙ። ጥላ ከመረጣችሁ ጥላ ነው፣ ስድስተኛው ፎቶ ላይ ድንገት ነጭ ሰማይ ቢመጣ ተመልካቹ ሌላ ስራ የጀመረ ይመስለዋል። ከዛ ቦታውን ፈልጋችሁ ሰብጀክት ሳይኖር ፍሬሙን ስሩ። ግድግዳውን ያዙት፣ አድማሱን አስተካክሉት፣ የኤሌክትሪክ ሽቦና ቱቦ እንዳይገባ ሁለት እርምጃ ሂዱ፣ ከዛ ቁሙና ጠብቁ። ሰው እስኪያልፍ፣ ወፍ እስኪገባ፣ ብርሃኑ እስኪደርስ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ትዕግስት አጥቶ ሰብጀክቱን እየተከተለ የሚሮጠው፣ ሲሮጥ ደሞ ባዶው እንዳጋጣሚው ይሆናል።

መጠኑን በተመለከተ ደንብ አልሰጣችሁም ግን አንድ ነገር አስቡ፣ ፎቶው የት ነው የሚታየው? ትልቅ ፕሪንት ላይ የጥፍር ያህል የሆነች ሰው ታስደነግጣለች፣ ስልክ ላይ ግን ያቺው ሰው ነጥብ ትሆንና ስክሮል ተደርጋ ታልፋለች። ስለዚህ ለስልክ ከሆነ ወይ ሰብጀክቱን ትንሽ አሳድጉት ወይ ኮንትራስቱን አጠንክሩት፣ ነጭ ላይ ጥቁር፣ ጥቁር ላይ ነጭ፣ ካልሆነም በጣም የተለየ ቀለም። አቅጣጫም ወሳኝ ነው። ሰው ወደ ባዶው ሲያይ ወይ ሲራመድ መንገድ ያለው ይመስላል፣ ጀርባውን ለባዶው ሰጥቶ ወደ ፍሬሙ ጠርዝ ሲያይ ደሞ የሆነ ነገር ትቶ የሚሄድ፣ ወይ የተጨነቀ ይመስላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፣ ብቻ አውቃችሁ አድርጉት። ፍሬሙን በቁመትም በወርድም ሶስት ሶስት ቦታ የሚከፍለው የሶስትዮሽ ግሪድም ለመነሻ ጥሩ ነው፣ ግን በኔጋቲቭ ስፔስ ስራ እኔ ብዙ ጊዜ ከሱ አልፌ ሰብጀክቱን ወደ ጠርዙ አስጠጋዋለሁ፣ አንዳንዴም ድርቅ ብዬ መሃል አደርገዋለሁ፣ ምክንያቱም ዙሪያው ንፁህ ከሆነ መሃል መሆን ክብደት ይሰጣል።

አሁን ወደ ራሴ ስራ ልምጣና ጥቃቅን ነገር ምን ያህል እንደሚጎዳ ላሳያችሁ። አንድ የእንጨት ወንበር ነጭ ግድግዳ ስር አስቀምጬ፣ ከጠዋት እስከ ማታ በመስኮት የሚገባው ብርሃን ሲዞር እያነሳሁ ነበር። ካሜራው ትራይፖድ ላይ ነው፣ ወንበሩ ከታች በግራ በኩል፣ የቀረው ሁሉ ግድግዳ። በካሜራው ስክሪን ንፁህ ነበር። ሳሳድገው ግን በቀኝ በኩል ላይኛው ጥግ አንዲት ምስማር አለች፣ የምስር ፍሬ ባታክልም ጥቁር ናት፣ የጠዋት ብርሃን ከጎን ስለመታት ደሞ ቀጭን ረዥም ጥላ ጥላለች። አይኔ ወንበሩ ላይ መቆም አቃተው፣ እየሄደ እሷ ላይ ያርፋል። ይሄ የባዶ ቦታ ፀባይ ነው፣ ግርግር ባለበት ፎቶ ላይ ማንም የማያያት ምስማር እዚህ ሁለተኛ ሰብጀክት ትሆናለች። ከዛን ቀን ጀምሮ ከመጫኔ በፊት አይኔን በፍሬሙ ጠርዝ ዙሪያ አንዴ ሙሉ አዞራለሁ፣ አራቱን ጥግ አንድ በአንድ፣ እናንተም ልማድ አድርጉት። ሌላው ሌባ የሴንሰር (ካሜራው ውስጥ ብርሃኑን የሚቀበለው ክፍል) አቧራ ነው። አፐርቸሩን ወደ 16 ስታጠቡት ንፁህ ሰማይ ላይ ክብ ክብ ግራጫ ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል። ዛፍና ህንፃ ላይ አይታወቅም፣ ባዶው ላይ ግን ተኝቶ ይጠብቃችኋል፣ እና ሙሉ ቀን ከማንሳታችሁ በፊት አንድ ሰማይ አንስታችሁ አሳድጋችሁ እዩ።

ኤክስፖዠር፣ ማለትም ፎቶው ምን ያህል ይብራ ወይ ይጨልም የሚለው። ካሜራው ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ መጎተት ይፈልጋል፣ ስለዚህ ፍሬሙን ነጭ ግድግዳ ወይ በረዶ ሲሞላው አጨልሞ ቆሻሻ ግራጫ ያደርግባችኋል፣ ጥቁር ሲሞላው ደሞ በግድ ያበራዋል። ለነጩ ከፕላስ 1 እስከ ፕላስ 2 ስቶፕ ጨምሩ (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ያደርገዋል ወይ በግማሽ ይቀንሰዋል)፣ ለጥቁሩ ከማይነስ 1 ጀምራችሁ ቀንሱ፣ ሂስቶግራሙ (ከግራ ጨለማውን፣ ከቀኝ ብርሃኑን የሚያሳየው የካሜራው ግራፍ) ነጩ ላይ ወደ ቀኝ ተጠግቶ ግን የግራፉን የቀኝ ጠርዝ ሳይመታ ይሁን፣ ከመታ ባዶው የተቆረጠ ወረቀት ይመስላል፣ ትንሽ ቶን (የብርሃንና የጥላ ልዩነት) ሲቀርበት ግን አየር ይኖረዋል። ስልክ ላይ ሰብጀክቱን ነክታችሁ ጣታችሁን ወደ ላይ ወይ ወደ ታች ስትስቡት አብዛኛው ላይ ይሰራል። ለተከታታይ ደሞ ዋናው ነገር ብርሃኑ ሳይቀየር ካሜራው በራሱ እንዳይለዋውጥባችሁ ነው፣ ኤክስፖዠሩን ማኑዋል፣ ዋይት ባላንሱንም (ነጩ ነጭ ሆኖ እንዲወጣ ቀለሙን የሚያስተካክለውን) ኦቶ ሳይሆን አንድ ቁጥር ላይ አስሩት፣ አለበለዚያ አንዱ ግድግዳ ሰማያዊ አንዱ ቢጫ ይሆንና ኤዲት ላይ ስታባርሩ ትውላላችሁ። ከተቻለ በሮ (RAW፣ ካሜራው ያላቀነባበረው ጥሬ ፋይል) አንሱ፣ ቀስ እያለ የሚቀየር ሰማይ ጄፔግ ላይ ብዙ ከተነካካ በመስመር በመስመር ይሰነጠቃል።

ፎቶዎቹን አንድ የሚያደርጋቸው ምኑ ላይ እንደሆነ ለማየት ሁለት ስራ ፈልጋችሁ እዩ። ጃፓናዊው ፎቶግራፈር ሂሮሺ ሱጊሞቶ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ በተለያየ አገር ባህር እያነሳ ነው፣ ጥቁርና ነጭ፣ አድማሱ ሁሌ ልክ መሃል፣ ከላይ ሰማይ ከታች ውሃ፣ ሌላ ምንም የለም። አድማሱ ስለማይንቀሳቀስ አይናችሁ ልዩነቱ ላይ ይሄዳል፣ አንዱ ላይ ጭጋጉ አድማሱን ውጦታል፣ አንዱ ላይ ማዕበሉ እያንዳንዱ ይቆጠራል። በርንድና ሂላ ቤኸር የሚባሉት ጀርመናዊ ባልና ሚስት ፎቶግራፈሮች ደሞ እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ የውሃ ማማና የመሳሰሉ የኢንዱስትሪ ግንባታዎችን ሲያነሱ ደመናማ ቀን እየጠበቁ ነበር፣ ሰማዩ ሁሌ አንድ አይነት ግራጫ፣ ጥላ የለም፣ ከፊት ለፊት፣ ከዛ በግሪድ ይደረድሯቸው ነበር። ግራጫው ሰማይ ነው ማማዎቹን እንድናወዳድር ያደረገን።

ከዚህ የምትወስዱት እንግዲህ ምን ይታሰር ምን ይለቀቅ የሚለውን ነው። እኔ የማስራቸው ሬሾውን (የፎቶው ጎኖች ምጣኔ፣ አንድ ለአንድ ወይ አራት ለአምስት፣ እየቀላቀልኩ አይደለም)፣ ሌንሱን፣ የባዶውን አይነትና የአድማሱን ከፍታ ነው። የምለቀው የሰብጀክቱን ቦታና መጠን፣ አንዳንዴም አንድ ቀለም። ሁሉንም ካሰራችሁት ይሞታል፣ ሁሉንም ከለቀቃችሁት ይበተናል። አስራ ሁለት ፎቶ ሁሉም እኩል ባዶ ከሆነ ደሞ አራተኛው ላይ ባዶው መሰማቱ ያቆማል፣ ስለዚህ ሶስት አራት ሰፊ ከሄዳችሁ በኋላ አንድ ፍሬሙን የሞላ አስገቡ፣ የወንበሩ እግርና የእንጨቱ ስንጥቅ ብቻ፣ ከዛ እንደገና ወደ ግድግዳው ስትመለሱ ግድግዳው ከበፊቱ የሰፋ ይመስላል።

ቅደም ተከተሉን በስክሪን አትስሩት፣ ትንንሽ ፕሪንት አውጥታችሁ ወለል ላይ ዘርግታችሁ እየተንበረከካችሁ አገላብጡት። ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን ሲሆኑ ባዶዎቹ ይገናኛሉ፣ የግራው ፎቶ ባዶ በቀኙ ከሆነና የቀኙ ፎቶ ባዶ በግራው ከሆነ መሃላቸው ላይ አንድ ትልቅ ክፍተት ይከፈታል፣ ሁለቱ ሰብጀክቶች ተራርቀው የተኳረፉ ይመስላሉ። ቦታቸውን አቀያይራችሁ ስታስቀምጧቸው ሁለቱ ሰብጀክቶች መሃል ላይ ተጠጋግተው ይነጋገራሉ። በወንበሩ ስራ ላይ በመሃል ያሉትን ሰዓቶች ዘልዬ የከሰዓቱን ከጠዋቱ ቀጥሎ ያደረግሁት ለዚህ ነው፣ የጠዋቱ ጥላ ወደ ቀኝ ባዶው ውስጥ ተዘርግቶ ይወጣል፣ የከሰዓቱ ደሞ ከግራ ተነስቶ ይገባል፣ በሰዓት ቅደም ተከተል አስቀምጬው ቢሆን ይሄ አይገኝም ነበር።

ክሮፕ አድርጎ፣ ማለትም የተነሳውን ፎቶ ጠርዙን ቆርጦ፣ ባዶ መፍጠር አይቻልም፣ መቀነስ ነው የሚቻለው፣ እና ስታነሱ ካሰባችሁት ትንሽ ሰፋ አድርጋችሁ አንሱ። ምስማር ቢጤ በኤዲት ማጥፋት ችግር የለውም፣ መንገድ የሚያህል ትልቅ ነገር ማጥፋት ግን ባዶውን ሞዛዛ ፕላስቲክ ያስመስለዋል። ስታቀርቡት ደሞ ጀርባውን አትርሱ፣ ነጭ ባዶ ያለው ፎቶ ነጭ ገፅ ላይ ጠርዙ ይጠፋል፣ ጥቁር ገፅ ላይ ደሞ ሳጥን ይሆናል፣ ስለዚህ ወይ ቀጭን ግራጫ መስመር ስጡት ወይ ባዶውን ትንሽ አጨልሙት፣ ግድግዳ ላይ ከሰቀላችሁት ደሞ በፎቶዎቹ መሃል ያለውን ርቀት በሜትር ለክታችሁ እኩል አድርጉት፣ ያም ቦታ የተከታታዩ ባዶ አካል ነው።