ሞዴል ባቡር በኤርብረሽ ለመቀባት ከየት ልጀምር?

1፡87 በሆነ (ከእውነተኛው 87 ጊዜ ባነሰ) ባቡር ላይ በብሩሽ የተቀባ ቀለም በሩንም መስኮቱንም ብሎኑንም ይደፍነዋል፣ ያ ሁሉ ጥቃቅን ነገር እንዲታይ ከፈለጋችሁ በአየር ግፊት ቀለም የሚረጨው ኤርብረሽ ነው መፍትሄው።

የቀለም ኩባያው ከላይ የሆነ፣ ደብል አክሽን (ስትጫኑት አየር፣ ወደኋላ ስትስቡት ቀለም የሚለቅ)፣ ኖዝሉ ማለትም የቀለም መውጫ ቀዳዳው 0.3 ሚሜ የሆነ ይበቃችኋል። አየር የሚሰጠው ኮምፕሬሰር ግን ታንክ ይኑረው። ቻርጅ የሚደረጉትን ትናንሾቹን እኔ አልመክርም፣ ግፊታቸውን እንደልብ ማስተካከል አይቻልም። ደግሞ እዚህ አዲስ አበባ መብራት ድንገት ሲጠፋ ታንኩ ውስጥ የቀረችው አየር ቀለሙ ኤርብረሹ ውስጥ ባለው መርፌ ላይ ሳይደርቅ ለማጠብ ትደርስላችኋለች።

ቦዲውን ከሞተሩ ለዩት፣ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና እጠቡት፣ ይድረቅ፣ ከዛ በኋላ በባዶ እጅ አትንኩት። ፕራይመር (ቀለሙ እንዲይዝ ከስር የሚቀባውን) ቀቡት።

አሁን ዋናው ነገር፣ ማቅጠን። ቀለሙ ከወፈረ እየተቆራረጠ ይተፋል፣ ከቀጠነ ደግሞ ይፈሳል። ተራ አክሪሊክ ከሆነ ከራሱ ቲነር (ማቅጠኛ) ጋር እኩል በእኩል ጀምሩና ኩባያው ግድግዳ ላይ ሲወርድ እንደ ወተት ስስ ሽፋን ትቶ ይሂድ። ለቁጠባ ብላችሁ የመኪና ቀለም ቲነር እንዳትጨምሩ፣ ፕላስቲኩን ይበላዋል! ግፊቱ ከ15 እስከ 20 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ይሁን። በበጋ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ቀለሙ መርፌው ጫፍ ላይ ቶሎ ይደርቃል፣ ያኔ ጥቂት ጠብታ ሪታርደር (ቀለሙ ቶሎ እንዳይደርቅ የሚያደርግ) ጨምሩ፣ ግፊቱን ትንሽ ቀንሱ፣ ጫፉንም አልኮል በነካ ጥጥ ቶሎ ቶሎ ጥረጉ። ክረምት ላይ ችግሩ ውሃ ነው፣ የኮምፕሬሰሩን ውሃ መያዣ ሳታፈሱ አትጀምሩ።

ጣታችሁ መጀመሪያ የኤርብረሹን መጫኛ ተጭኖ አየር ይልቀቅ ከዛ ወደኋላ ስቦ ቀለም፣ ስትጨርሱ መጀመሪያ ቀለሙን ዝጉ። ወደ 10 ሳንቲሜትር ርቃችሁ ከባቡሩ ውጪ ጀምራችሁ ከባቡሩ ውጪ ጨርሱ። ስስ ስስ አድርጋችሁ ደጋግሙት እንጂ አንዴ አታወፍሩት። መስኮት ክፈቱ፣ ማስክ አድርጉ።

ለመጀመሪያ የከተማችንን ቀላል ባቡር ሞክሩ፣ ስታዲየም ጋ ብትቆሙ አረንጓዴውም ሰማያዊውም ያልፋል። ነጩን መጀመሪያ ቀቡ፣ በደንብ ሲደርቅ ማስኪንግ ቴፕ ለጥፉ፣ ከዛ አረንጓዴውን ከመርጨታችሁ በፊት የቴፑን ጠርዝ እንደገና ነጭ ርጩበት። ከስሩ የሚገባው ነጩ ስለሚሆን ክፍተቱን ይዘጋዋል፣ አረንጓዴው ቀጥ ያለ መስመር ይሰጣችኋል። ይቺን ዘዴ በጣም ነው የምወዳት፣ ስንት ሰው ቴፑን በውድ ቀይሮ ያላገኘው ውጤት ነው።

በየቀለሙ መሀል ኩባያውን እጠቡ። ማታ ደግሞ መርፌውን በኋላ በኩል አውጡና ከወፍራሙ ወደ ጫፉ ጥረጉት፣ በተቃራኒው ከሆነ ጫፉ ይጎብጣል፣ የጎበጠ መርፌ ደግሞ ቀለሙን ወደ ጎን ነው የሚረጨው።