የመዝናኛ መርከብ ጉዞ፦ ባሕር ላይ እንዴት እንደሚዋልና ከወደብ እንዴት በሰዓቱ እንደሚመለሱ

በመዝናኛ መርከብ መጓዝ ሲያስቡት የሚያስፈራውን ያህል ከባድ አይደለም። ምግቡ ተሠርቶ ይቀርባል፣ አልጋው ይነጠፋል፣ ሌሊቱን ተኝተው ሲያድሩ መርከቡ ሌላ ከተማ ደጃፍ ላይ ያደርስዎታል። ለተሳፋሪው የተተወለት ዋና ሥራ አንድ ነው፤ እሱም ሰዓት መጠበቅ። ጉዞው የሚበላሽበት ሰው ቢኖር አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሽበት በማዕበል ሳይሆን በዚህ ነው።

ከመሳፈርዎ በፊት

ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት የወደቦቹን ዝርዝር ከቪዛዎ ጋር ያስተያዩ። ከባርሴሎና ተነስቶ ቱርክ ደርሶ ወደ ጣሊያን የሚመለስ መርከብ ከሸንገን አገሮች (በአንድ ቪዛ ከሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች) ወጥቶ እንደገና ይገባል። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ ለዚህ ጉዞ አይበቃም፤ መጀመሪያውኑ እንዳይሳፈሩ ሊያስከለክልም ይችላል። ትኬት ሻጩ ይህን ያስታውሰኛል ብለው አይጠብቁ።

ማቅለሽለሽ የሚያስቸግርዎ ከሆነ መሃል ላይ፣ ዝቅ ያለ ፎቅ ላይ ያለ ክፍል ይምረጡ። መርከብ ሲወዛወዝ ፊቱና ኋላው ከፍ ዝቅ ይላል፤ መሃሉ ግን ብዙም አይነቃነቅም። ላይኛው ፎቅ ላይ ያለው ባለ ሰገነት ክፍል ዋጋውም ውዝዋዜውም ከፍ ያለ ነው። የማቅለሽለሽ መድኃኒት ደግሞ ባሕሩ ከመናወጡ በፊት ሲወሰድ ነው በደንብ የሚሠራው።

ከባዱን ሻንጣ ወደቡ ላይ ለሠራተኞች ያስረክባሉ፤ ክፍልዎ በር ላይ የሚደርሰው ከሰዓታት በኋላ ነው። ስለዚህ መድኃኒት፣ ፓስፖርት፣ የስልክ ቻርጀርና የዋና ልብስ በእጅ ቦርሳ ይያዙ። የልብስ ካውያና የውሃ ማፍያ ፍተሻ ላይ ስለሚያዙ ቤት ይተውዋቸው።

የመጀመሪያው ቀን

ሁለት ነገር ብቻ አይዝለሉ። አንደኛው የአደጋ ጊዜ ልምምድ ነው። ሰባት አጭርና አንድ ረጅም የጡሩምባ ድምፅ ሲሰሙ የት መሰብሰብ እንዳለብዎ በእግርዎ ሄደው ይዩ። ብዙ ሰው ይህን እንደ አሰልቺ ግዴታ ያየዋል፤ እኔ ግን የማልቀልድበት ነገር ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 13 ቀን 2012 ኮስታ ኮንኮርዲያ የተባለችው መርከብ ከጣሊያኗ ጂሊዮ ደሴት አጠገብ ከዓለት ጋር ተላትማ 32 ሰዎች ሲሞቱ፣ በዚያው ቀን ከቺቪታቬኪያ ወደብ የተሳፈሩት ልምምዱን ገና አላደረጉም ነበር። ያኔ ደንቡ 24 ሰዓት ይሰጥ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ ግን ልምምዱ መርከቡ ከመነሳቱ በፊት ወይም እንደተነሳ ወዲያውኑ መካሄድ አለበት።

ሁለተኛው ስልክዎን ከየብስ ሳይርቁ የአውሮፕላን ሁነታ ላይ ማድረግ ነው። መርከቡ ባሕር መሃል ሲገባ ስልኩ በራሱ ጊዜ የመርከቡን የሳተላይት ኔትወርክ ይይዛል፤ ሂሳቡም ወር ሲሞላ ያስደነግጣል። ከዚያ በኋላ የመርከቡን ዋይፋይ ብቻ ይጠቀሙ።

ባሕር ላይ የሚዋልባቸው ቀናት

እነዚህ ቀናት ራሳቸውን ያስኬዳሉ። በየምሽቱ የነገው መርሃ ግብር በወረቀት ወይም በመርከቡ አፕሊኬሽን ይደርስዎታል፤ ከሃያው ዝግጅት ሁለቱን መርጠው ሌላውን ይርሱት። ሁሉም ሰው ለቁርስ ራሱን በራሱ ወደሚያስተናግድበት አዳራሽ ሲጋፋ፣ ታች ያለው ዋናው የምግብ አዳራሽ ግማሹ ባዶ ነው፤ ተቀምጠው አስተናጋጅ ያቀርብልዎታል፣ ዋጋውም እንደ ሌላው ምግብ በትኬቱ ውስጥ ተካትቷል። ጎህ ሲቀድ ፎጣ አንጥፎ የመዋኛውን ወንበር ለቀኑ ሙሉ የሚይዝ ሰው በየመርከቡ አለ። አይጣሉት፤ ወደብ በሚደረስበት ቀን ሁሉም ሲወርድ መዋኛው የእርስዎ ይሆናል።

እጅዎን በሳሙናና በውሃ ይታጠቡ። በር ላይ የሚረጨው የአልኮል ጄል መርከብ ላይ ሆድ የሚያስነሳውን ኖሮቫይረስ በደንብ አይገድልም።

ወደብ የሚወረድበት ቀን

መጀመሪያ መርከቡ በእርግጥ የት እንደሚቆም ይወቁ። ማስታወቂያው ላይ «ሮም» ተብሎ የተጻፈው ቺቪታቬኪያ ነው፤ ከሮም 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። «ፍሎረንስ» ሊቮርኖ፣ «ፓሪስ» ለ አቭር ነው። በአንጻሩ አቴና የተባለው ፒሬየስ ከከተማዋ ጋር በሜትሮ የተገናኘ ስለሆነ አያስጨንቅም። ርቀቱን ሳያውቁ ዕቅድ ማውጣት ትርጉም የለውም።

ቀጥሎ የሚመጣው የመርከቡ ሰዓት ነው፤ ብዙዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ነው። መርከብ የራሱ ሰዓት አለው፤ የመጨረሻው የመሳፈሪያ ሰዓትም የሚቆጠረው በእሱ ነው። ሞባይል ስልክ ደግሞ የሚታዘዘው ለየብሱ ኔትወርክ እንጂ ለካፒቴኑ አይደለም። ለምሳሌ ማያሚ ከማርች አጋማሽ እስከ ኖቬምበር መጀመሪያ ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደፊት ታስኬዳለች፤ የሜክሲኮዋ ኮዙሜል ደሴት ግን አትቀይርም። የማያሚን ሰዓት እንደያዘ ኮዙሜል የቆመ መርከብ በ24 ሰዓት አቆጣጠር 16፡30 ላይ መሰላሉን ሊያነሳ ሲል፣ ባሕር ዳርቻ የተቀመጠው መንገደኛ ስልክ 15፡30 ያሳያል። ሰውዬው ገና አንድ ሰዓት አለኝ ብሎ መጠጥ ያዛል። ለዚህ መፍትሔው ርካሽ የእጅ ሰዓት ነው። በመርከቡ ሰዓት ሞልተው ያስሩትና እስከ ጉዞው መጨረሻ ማስታወቂያ ካልሰሙ በስተቀር አይንኩት። ከማንኛውም አፕሊኬሽን ይበልጣል።

ሦስተኛው ቀኑን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ማስላት ነው። በሮም እንየው፤ ሰዓቶቹ የመርከብ መርሃ ግብር እንደሚያትማቸው በ24 ሰዓት አቆጣጠር ናቸው። የመጨረሻው መሳፈሪያ 18፡00 ነው እንበል። መርከቡ ፊት 17፡00 መድረስ አለብዎ። ከባቡር ጣቢያው በእግር እስከ አውቶቡሱ፣ በአውቶቡስ እስከ መርከቡ 45 ደቂቃ ይያዙ፤ ስለዚህ ቺቪታቬኪያ ጣቢያ 16፡15። ከሮም ሳን ፒየትሮ ጣቢያ በባቡር አንድ ሰዓት ያህል፤ ስለዚህ መነሻ 15፡15። አሁን የብዙ ሰው ስሌት እዚህ ያበቃል። እርስዎ ግን ባቡሩ ተሰርዟል ብለው ያስቡና ከእሱ አንድ ሰዓት ቀደም ባለው ለመሄድ 14፡15 ጣቢያው ላይ ይገኙ። ጠዋት ወርደው ሮም የሚገቡት 10፡00 ገደማ ከሆነ፣ በእጅዎ ያለው አራት ሰዓት ብቻ ነው። ቫቲካንንም ኮሎሲየምንም አያለሁ የሚል ሰው በአራት ሰዓት የሚያየው ሰልፍ ነው፤ አንዱን ይምረጡ። የጣሊያን ባቡሮች አድማ የሚመቱበት ቀን ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ ስለሚገለጽ፣ በዋዜማው ማየትም ጊዜ አይወስድም።

መርከቡ ወደቡን ሳይጠጋ ባሕር ላይ መልህቁን ጥሎ በትንንሽ ጀልባዎች የሚያወርድ ከሆነ ስሌቱ ይለወጣል። እዚህ የሚገዛዎት የመጨረሻው ጀልባ ሰዓት ነው። የግሪኳ ሳንቶሪኒ ደሴት ላይ ጀልባው የሚያደርሰው ከገደሉ ሥር ነው፤ ፊራ ከተማ ያለችው ጫፉ ላይ። መውጫና መውረጃው ኬብል ካር፣ በቅሎና አህያ፣ ወይም ከ580 የሚበልጥ ደረጃ ነው። ከሰዓት በኋላ በዕለቱ የቆሙት መርከቦች ተሳፋሪዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ሊወርዱ ሲነሱ የኬብል ካሩ ሰልፍ ጎዳናው ላይ ይዘረጋል። ጉልበትዎ ጤነኛ ከሆነ በደረጃው በእግር ይውረዱ፤ ደረጃው የእንስሳቱም መንገድ ስለሆነና ፋንድያው ስለሚያንሸራትት ግን ክፍት ጫማ አያድርጉ።

በራስ መውረድ ወይስ በመርከቡ በተዘጋጀ ጉብኝት? የመርከቡ ጉብኝት ውድ ነው፤ አርባ ሰው የአስጎብኚ ምልክት እየተከተለ መሄድም አይመቸኝም። ነገር ግን የጉብኝቱ አውቶቡስ ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቃል፤ መጠበቅ ባይችል እንኳ ድርጅቱ ተሳፋሪዎቹን የማድረስ ኃላፊነት አለበት። በራሱ የወረደን ማንም አይጠብቅም። የእኔ ደንብ ይህ ነው፦ ወደቡ ከተማው ውስጥ ከሆነ በራስ፤ ከተማው ከአንድ ሰዓት በላይ ከራቀና ባቡሮቹ የማያስተማምኑ ከሆነ ከመርከቡ ጋር።

የመሳፈሪያው ሰዓት ሲያልቅ የላይኛውን ፎቅ ማየት ነው። ተሳፋሪዎች መጠጣቸውን ይዘው አጥሩ ላይ ተደግፈው የዘገዩትን ይጠብቃሉ። በወደቡ ጫፍ ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ የምትሮጥ ሴት ብቅ ትላለች፤ ከኋላዋ ባሏ በሁለት እጁ የዕቃ ከረጢት ይዞ ያለከልካል። ላይ ያለው ሰው ያጨበጭባል፣ ያፏጫል። መሰላሉ ገና ካልተነሳ ካርዳቸው ማንበቢያው ላይ ጢው ይልና ይገባሉ። ከተነሳ በኋላ ግን ጭብጨባውም ልመናውም አይመልሰውም።

ሲወርዱ የመርከቡን ካርድ፣ መታወቂያ፣ የባንክ ካርድና ጥቂት የአገሩን ገንዘብ ይያዙ። የዕለቱን መርሃ ግብርም ፎቶ ያንሱ፤ የወደብ ወኪሉ (ወደቡ ላይ የመርከቡን ጉዳይ የሚያስፈጽመው ሰው) ስልክ እዚያ ላይ አለ። መርከቡ ጥሎዎት ከሄደ መጀመሪያ የሚደወለው ለእሱ ነው። ብዙ ጊዜ ሠራተኞች ከመነሳታቸው በፊት የቀረውን ሰው ፓስፖርት ከክፍሉ ካዝና አውጥተው ለወኪሉ ይተዋሉ። እስከ ቀጣዩ ወደብ ያለው ወጪ ግን የእርስዎ ነው። ከመርከቡ ፍራፍሬ ይዘው አይውረዱ፤ በብዙ አገሮች ከመርከብ ምግብ ይዞ መውረድ ራሱ ክልክል ነው።

የመጨረሻው ምሽት

ሻንጣዎች ማታውኑ በር ላይ ይቀመጣሉ፤ ሠራተኞች ሌሊት ሰብስበው ወደቡ ላይ ያወርዷቸዋል። በዚህ ጥድፊያ ሱሪውንና ጫማውን ሁሉ አሽጎ ጠዋት በሌሊት ልብስ ቁርስ ላይ የሚቀመጥ ሰው አይጠፋም። ለጠዋት የሚለብሱትን አልጋው ላይ ዘርግተው ነው ሻንጣ የሚዘጋው። ለአስተናጋጆች የሚከፈለው ጉርሻ በየቀኑ በራሱ ተደምሮ ሊሆን ስለሚችል፣ ሂሳብዎን እንግዳ መቀበያው ሳይጨናነቅ በዋዜማው ያጣሩ። ወደ ቤት የሚመልስዎትን በረራ ደግሞ ከእኩለ ቀን በፊት አይያዙ፤ መርከቡ ማለዳ ቢደርስም ሺህ ሰው በአንድ በር ሲወጣ ጠዋቱ ያልቃል።