እንቅልፍ ማጣትዎ ምን ያህል እንደከበደ እንዴት ይለካሉ?

«ሌሊቱን ሙሉ ዓይኔ አልተከደነም» የሚል ሰው «በሳምንት ስንት ቀን? ስንት ሰዓት ያህል?» ተብሎ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ መልስ ያጣል። አይፈረድበትም። ሲገላበጡ የሚያሳልፉት አንድ ሰዓት የሦስት ሰዓት ያህል ይረዝማልና። ስለዚህ ትዝታን ሳይሆን ወረቀትን እንመን።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ይለዩ፦ ለመተኛት በቂ ጊዜና ምቹ ቦታ አለዎት? የሌሊት ተረኛ ወይም ሕፃን የምታጠባ እናት የሚያጡት የመተኛ ዕድሉን ነው። እንቅልፍ ማጣት የምንለው ግን ዕድሉ እያለ እንቅልፍ እምቢ ሲል ነው።

ቀጥሎ ለ2 ሳምንት የእንቅልፍ መዝገብ ይያዙ። መቼ አልጋ ላይ እንደወጡ፣ እንቅልፍ እስኪወስድዎ ምን ያህል እንደቆዩ፣ ሌሊት ነቅተው ያሳለፉትን ጊዜ፣ ጠዋት የነቁበትንና የተነሱበትን ሰዓት ይጻፉ። የሚጻፈው ጠዋት ነው። ሌሊት ሰዓት ማየት ጭንቀቱን ስለሚያባብስ ስልክዎን ያርቁ፤ ግምት ይበቃል። ቡና የጠጡበትንም ሰዓት አይዝለሉ። ካፌይን በሰውነት ውስጥ በግማሽ እስኪቀንስ በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ የተጠጣው አቦል ማታ 3 ሰዓት ላይም ግማሹ አብሮዎት አለ። ጫትና አልኮልም እንዲሁ ይመዝገቡ።

ከዚያ አልጋ ላይ ካሳለፉት ጊዜ ምን ያህሉን እንደተኙ ያስሉ። ማታ 3 ሰዓት አልጋ ላይ ወጥተው ጠዋት 12 ሰዓት ቢነሱ፣ አልጋ ላይ 9 ሰዓት ቆይተዋል። ከዚህ የተኙት 6 ሰዓት ብቻ ከሆነ፣ 6 ለ9 ተካፍሎ በ100 ሲባዛ 67 በመቶ ይሆናል። 85 በመቶና ከዚያ በላይ እንደ ጥሩ ይቆጠራል።

የሌሊቱ ቁጥር ግን ግማሹን ብቻ ነው የሚናገረው። ካናዳዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ቻርልስ ሞሪን ያዘጋጁት መለኪያ 7 ነጥቦችን ይመለከታል፤ ከነዚህም የሚበዙት ስሜትንና የቀን ውሎን የሚነኩ ናቸው። ያለፉትን 2 ሳምንታት አስበው ለእያንዳንዱ ከ0 (ምንም) እስከ 4 (እጅግ ከባድ) ይስጡ፦ ለመተኛት መቸገር፣ ሌሊት እየነቁ መቸገር፣ ያለጊዜው መንቃት፣ በእንቅልፍዎ አለመርካት፣ የቀን ሥራዎ መታወክ፣ ጉዳቱ ለሌሎች መታየቱ፣ ስለ እንቅልፍዎ መጨነቅ። ችግርዎን አያሳንሱ፣ አያጋንኑም። ለሌሎች መታየቱን በተመለከተ የቤትዎን ሰው ይጠይቁ፤ ቁጣዎንና ዝንጋታዎን ከእርስዎ ቀድመው ያዩት እነርሱ ናቸው።

ነጥቦቹን ይደምሩ። እስከ 7 የሚያሳስብ አይደለም፤ ከ8 እስከ 14 ቀላል፣ ከ15 እስከ 21 መካከለኛ፣ ከ22 እስከ 28 ከባድ ነው። ውጤቱ ምርመራን አይተካም። 15 ከደረሱ፣ ወይም ችግሩ በሳምንት 3 ሌሊትና ከዚያ በላይ እየተከሰተ 3 ወር ካለፈው፣ ሐኪም ያማክሩ።

ነጥብ መደመር የማያስፈልግበትም ጊዜ አለ። በኃይል እያንኮራፉ ትንፋሽዎ እንደሚቋረጥ ከተነገረዎ፣ መኪና ሲነዱ የሚያንቀላፉ ከሆነ፣ ለቀናት በጣም ጥቂት ተኝተው ድካም ከመሰማት ይልቅ ከልክ ያለፈ ጉልበት ከተሰማዎ ፈጥነው ይታከሙ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብዎ ዛሬውኑ ለሚያምኑት ሰው ነግረው ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

እባክዎ በራስዎ ፈቃድ የእንቅልፍ ክኒን አይጀምሩ። ለቆየ እንቅልፍ ማጣት በቅድሚያ የሚመከረው አስተሳሰብንና የመኝታ ልማድን የሚያስተካክል የሥነ ልቦና ሕክምና ነው። ሐኪም ጋር ሲሄዱ መዝገቡን፣ ድምሩንና የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ዝርዝር ይያዙ።