የሚነፋ ጀልባ ስትገዙ ወለሉን አስቀድሙ

ለባቦጋያ ወይም ለላንጋኖ መዝናኛ የሚነፋ ጀልባ የምትፈልጉ ከሆነ፣ ከዋጋው በፊት ወለሉን እዩ። ስስ ፕላስቲክ ብቻ ከሆነ ሰው በረገጠው ቁጥር ይሰረጉዳል፤ ለልጆች ዳር ላይ መጫወቻ ነው፣ ከዚያ አያልፍም። የጣውላ ወይም የአሉሚኒየም ወለል ጠንካራ ቢሆንም ይከብዳል፣ መገጣጠሙም ያለፋል። ለሁለት ለሦስት ሰው የምመርጠው ላይና ታቹ በብዙ ክር የተሳሰረውን የሚነፋ ወለል ነው፤ ሲሞላ እንደ ሳንቃ ይደርቃል፣ ሲተነፍስ ተጠቅልሎ መኪና ውስጥ ይገባል።

ችግሩ ግፊቱ ላይ ነው። የጎን ቱቦዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.2 እስከ 0.25 ባር (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ይበቃቸዋል፤ እንዲህ ያለው ወለል ግን ከ0.5 ባር በላይ ይፈልጋል። ትክክለኛው ልክ ጀልባው ላይ ተጽፏል። በእጅ እየተጫኑ መገመት አይሆንም፤ መለኪያ ያለው ፓምፕ አብራችሁ ግዙ።

ጠዋት በብርድ ጢም ብሎ የተነፋ ጀልባ ቀትር ላይ ፀሐይ ከመታው አየሩ ይሰፋና መገጣጠሚያውን ሊያላቅቀው ይችላል። ዳር ላይ ስታቆሙት ትንሽ አስተንፍሱት። ውሃ ላይ ሲወርድ ደግሞ ቀዝቅዞ ይላላል፤ ቀዳዳ አለው ብላችሁ አትደናገጡ፣ ጨምሩበት። ከተጠራጠራችሁ ቫልቩ (አየር የሚሞላበት አፍ) ላይ የሳሙና አረፋ ቀቡ፤ የሚያፈስ ከሆነ ይኩረፈረፋል።

ጀልባው ይይዛል የተባለውን የሰው ቁጥር ብቻ አትመኑ፣ የምትጭኑትን ኪሎ ደምራችሁ ከጀልባው የጭነት ልክ ጋር አስተያዩ፤ ሞተር፣ ነዳጅና ዕቃ ሁሉ ይቆጠራል። ቢያንስ ሦስት የተለያዩ የአየር ክፍሎች ይኑሩት። ሕይወት አድን ጃኬት ለየሰው፣ ያለ ድርድር።